የዘበኛው ውለታ

ናይሮቢ፣ ለአሜሪካ ገበያ ጂንስ በምንሰፋበት ፋብሪካ፣ ልብስ እንዳንሰርቅ ብለው ያለንን አንድ በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉብን ነበር። አንድ ቀን የገዢዎቹ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለና አለቃችን በሩን ወለል አድርጎ አስከፈተው። ምን ዋጋ አለው! ፈረንጁ ገብቶ እየዞረ ሲያየን፣ ዘበኛው እንደለመደው ቆለፈብንና ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ፈረንጁ ሆዱን ይዞ ሽንት ቤት ልሂድ ቢል፣ በሩ ወይ ፍንክች! አለቃችን በስዋሂሊ "ፉንጉዋ! ክፈት!" እያለ በሩን ይደበድባል።

"እሳት ቢነሳ ምን ታደርጋላችሁ?" አለን ፈረንጁ በላብ ተጠምቆ።

"እንደ አለቃችን በር እንደበድባለን" አለችው አጠገቤ የምትሰፋው ዋንጂሩ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

በማግስቱ ብንመጣ ጓጉንቸሩ የለም። ሽንታችን ሳይመጣ ስንወጣ ስንገባ ዋልን!