ውሃ የምትጠጣው መኪና

ከጎልማሶች ትምህርት ቤት ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር፣ መንገድ ዳር ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎት የምትተፋ መኪና አየሁ። ከሩቅ ለየኋት፤ የሟቹ ባለቤቴ መኪና ናት። አሁን የሚነዷት አባቱ፣ አማቴ ናቸው። ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጡልኝም በእሷ ስለሆነ ሮጥኩ። ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ደህና መሆኗን ሳይ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ።

አማቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲዘረጉ፣ አንዲት ወጣት ክንዳቸውን ያዘች። «ይተዉት አባባ፤ ሲግል ከከፈቱት ፊትዎ ላይ ይፈነዳል።» የጎረቤታችን ልጅ ናት። በመኪና ጥገና ስለተመረቀች ሰፈሩ «መፍቻ» ይላታል። ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታልፍ ነው ያገኘቻቸው።

«ጠምቷት ነው» አሉ አማቴ። «ያረጀ መኪናና ያረጀ ሰው ዳገት ላይ ማረፍ ይወዳሉ። ትጠጣና እንሄዳለን።»

«ጠዋት አላጠጧትም?»

«ጠዋትም ቀትርም አጠጥቻታለሁ። ጀሪካን ይዤ ነው የምዞረው። ጎበዝ ጠጪ ናት።»

መፍቻ ሳቀች። «አባባ፣ መኪና ውሃ አይጠጣም። ውሃው ሞተሩን እያቀዘቀዘ ይዞራል እንጂ እንዲህ ቶሎ ቶሎ አያልቅም። ካለቀ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የት ነው የሚሄደው?»

«ትጠጣዋለች አልኩሽ እኮ። መሬቱን እዪው፣ ጠብታ የለበትም።»

«እሱ ነው የባሰው። ውጭ ካልፈሰሰ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀችና የዘይቱን መለኪያ ስባ አወጣች። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። «ይኸው፣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተከፍቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ካልተቀየረ ሞተሩ አንድ ቀን ድርቅ ብሎ ይቆማል። ዳገት ላይ ይሁን፣ ከጭነት መኪና ፊት ይሁን፣ አይመርጥም።»

እኔ ጆሮዬ ላይ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነው። በመስኮቱ ልጄን አየኋት።

«አይከፈትም» አሉ አማቴ። «ልጄ ሲነዳት አንድም ቀን ተከፍታ አታውቅም። የተከፈተ ነገር እንደነበረ አይገጠምም። ደግሞ አንቺ የእናትሽን በር ሳትጠግኚ የእኔን ሞተር ልትፈቺ ነው?»

«የእናቴ በር አይፈላም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄንም ሐኪም ይየው ብላችሁ ወሰዳችሁት። ሄዶ ቀረ።»

መፍቻ አንገቷን ደፋች። እኔ ለአማቴ ቃል መልሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባባ፣ ሐኪሙ ያለንን ረሱት? ዘገያችሁ ነው ያለን። በጋውን ሙሉ ውሃ በጆግ እየጨለጠ ሲከሳ እርስዎ ሙቀቱ ነው አሉ፤ እኔ ሥራው አድክሞት ነው አልኩ። ስኳር ይሆን ብሎ የጠየቀ ማን ነበር? የወሰደብን ሐኪሙ አይደለም አባባ። ጠምቶት ነው እያልን መቀመጣችን ነው።»

መኪኖች አቧራ እያለበሱን አለፉ። አማቴ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሬት መሬት እያዩ፣ «የእኔም ውሃ መጠጣት በዝቷል» አሉ። «ሌት በተደጋጋሚ እነሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ለመፍቻ ሰጧት።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ተከፈተች፣ ማሸጊያው ተቀየረ፣ ተገጠመች። አሁን ያለ ጀሪካን ዳገቱን ትወጣለች፤ ልጄም በሰዓቷ ቤት ትደርሳለች። አማቴ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ገና በብርዱ ውሃውን ያያሉ፤ እየነዱም የሙቀት መርፌዋ ከመካከል ካለፈች ዳር ይዘው ይቆማሉ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ እንዲሁ አድርጉ። ውሃ ሲጎድል ከመሙላታችሁ በፊት የት እንደሄደ ጠይቁ። ጠያቂ ሰው ሞተሩን ያድናል፣ ከመንገድ አደጋ ይተርፋል፤ በቤቱም ውሃ የሚያበዛ ሰው ካለ ሳይረፍድ ያስመረምራል።

አማቴን ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ስኳር ተገኘባቸው፤ መድኃኒት ጀመሩ፤ ሐኪሙም በጊዜ በመምጣታቸው አመሰገናቸው። ስንወጣ ግን አልተደሰቱም። በረንዳው ላይ ቆመው የተወጋውን ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንዲት ጠብታ ደም ናት የወሰዱት» አሉኝ። «ለልጄም ይቺው ትበቃው ነበር?»

«አዎ አባባ» አልኳቸው። ክንዳቸውን ይዤ ከበረንዳው አወረድኳቸው።