የቦጋለች ጸጋ

ወላይታ ሶዶ፣ ማለዳ፦ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምእመናኑ መርዶ ስትነግር የኖረችው ቦጋለች ቂንጬ ጥዳ ታማስላለች፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ሎሃ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገብተው ቆመዋል።

ቦጋለች፦ አልሄድም ብያለሁ አልሄድም! ይህን አገልግሎት ትቻለሁ። ለሽማግሌዎችም ደብዳቤ ሰጥቻለሁ።

ሎሃ፦ አንብበነዋል፣ ቦጌ። ግን ጸጋ ከላይ ነው፤ በደብዳቤ አይመለስም።

ቦጋለች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!

ሎሃ፦ ይሄ ስድብ ነው?

ቦጋለች፦ ተረት ነው፣ ጋሼ። ስድቡ ገና ነው። ባለፈው የጎረቤቴን የኡካሜን ወንፊት ልመልስ ብሄድ፣ ደጇ ላይ ስታየኝ «ልጄን!» ብላ ተዘረረች። ወንፊት ይዤ እኮ ነው!

ሎሃ፦ ልጇ ግን ደህና ነበር።

ቦጋለች፦ ጓሮ በቆሎ እየጠበሰ! ሠርግ ከተጠራሁ ሦስት ዓመቴ። የገዛ ልጄ እንኳ አርባ ምንጭ ወልዳ፣ «እማዬ፣ ሳትደውዪ እንዳትመጪ፤ አማቴ ትደነግጣለች» አለችኝ። እንደ ሰው ሄጄ የልጅ ልጄን ልቀፍ፣ ተዉኝ።

ሎሃ፦ መክሊትሽን አትቅበሪ።

ቦጋለች፦ የተቀበርኩትስ እኔ! ለመሆኑ የማን ቤት ነው?

ሎሃ፦ መጀመሪያ እሺ በይ። እሺ ይበልጣል ከሺህ።

ቦጋለች፦ አልልም። ወንጌላዊው ይንገር።

ሎሃ፦ እሱማ ባለፈው ደጃፍ ላይ ቆሞ የቀብር መዝሙር ጀመረላቸው። ሰዎቹ ማን እንደሞተ እንኳ ሳያውቁ።

ቦጋለች፦ እንግዲያው እርስዎ ይንገሩ።

ሎሃ፦ እኔ? እንዴት አድርጌ?

ቦጋለች፦ ይኸው፣ አስተምሬ ልገላገል። ብቻዎን አይሂዱ። እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ ያስወርዱ፤ አንዷ እጇ ተቃጥሎብኛል። ከዚያ ያስቀምጡ። ገና ሳይለቀስ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» አይበሉ። ደግሞ አያንዛዙ፤ የሟቹን ስም ጠርተው ይንገሩ። ስሙ ካልተጠራ ልብ አያምንም።

ሎሃ፦ ስሙን ጠርቼ።

ቦጋለች፦ አዎ። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነኝ! ወንድሜ ጻድቁ በጭነት መኪናው ከአዲስ አበባ ጭኖ ሲያልፍ አርባ ምንጭ ያደርሰኛል። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አያነሳም እንጂ… መቼም ሲነዳ አያነሳም። አሁን ይቀመጡና ቂንጬ ይቅመሱ።

ሎሃ፦ አልበላም።

ቦጋለች፦ ምነው? ደግሞ በሩ ላይ የቆሙት እነማን ናቸው?

ሎሃ፦ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ብቻዬን አልመጣሁም።

ቦጋለች፦ ጋሼ? ምነው ተሰብስባችሁ?

ሎሃ፦ ቦጌ… ድስቱን አውርጂውና ተቀመጪ።

ቦጋለች፦ ስሙን አይጥሩት። ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ስሙን አይጥሩት።