ሦስቴ ለእናቴ የወጣው ዕጣ

ሰበታ ገበያ ለነጋዴዎቹ የመደብ ዕጣ የምታወጣ ትንሽ መሣሪያ ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። እናቴም እዚያ ሽንኩርት ትሸጣለችና ዕጣው ውስጥ አለች። የገበያው ሽማግሌ ኦቦ ቱሉ «መጀመሪያ እንሞክራት» አሉ። ቁልፉን ስጫን ሁሉም የሚመኘው በሩ ላይ ያለው መደብ ለእናቴ ወጣ፤ ሰዉ ሳቀ። «አጥፍተህ አብራት» አሉኝ። አሁንም እናቴ። ሦስተኛም እናቴ። የሚስቅ ጠፋ።

ላፕቶፔን አውጥቼ ኮዱን ሳየው ገባኝ። ዕጣው የሚነሳበትን ቁጥር መሣሪያዋ ስትበራ መምረጥ ሲገባት፣ እኔ ቤት ፕሮግራሙን ኮምፓይል ሳደርግ፣ ማለትም መሣሪያዋ ወደሚገባት ቋንቋ ስቀይረው፣ አንዴ ተመርጦ እዚያው ቀርቷል፤ በበራች ቁጥር ያንኑ ዕጣ ትደግማለች። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ዕጣው የወጣው እቤትህ ነዋ፤ እኛ የመጣነው ለማጨብጨብ ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ። እዚያው አስተካከልኩት። በዋናው ዕጣ ለእናቴ ቦዩ ዳር ያለው መደብ ደረሳት። እሷ አኮረፈች፤ እኔ እፎይ አልኩ።