ለበሬ ማድለቢያ ብየ የተበደርሁት

በእኛ ጊዜማ ሰው የሚበደረው ለሦስት ነገር ነበር፤ ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ በሬ ሲሞትበት። ለትምህርት ተበደረ ሲባል ሰምቸ አላውቅም። አንተ የወንድሜ ልጅ፣ አንዳርጌ፣ ነገ የኮሌጅ ብድር ልትፈርም ነው፣ በላዩም ስልክ እጨምርበታለሁ ብለሃል፤ እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ።

ታዲያ ልጄ ሙሉየ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውጤቷ ጥቂት ጎደለና ጎንደር ከተማ የግል ኮሌጅ ገብቸ ሒሳብ አያያዝ ልማር አለች። እኛ ጠዳ ነን፣ ያለን ነጭ ሽንኩርትና አንዲት ላም ነው። "አባየ፣ የቀበሌው ብድርና ቁጠባ ያበድረናል፤ ግን ለትምህርት ክፍያውና ማራኪ ሰፈር ለምከራየው ክፍል የሚበቃውን ብቻ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ብር አንነካም" አለችኝ። ቢሆነኝ የሚባለው ጎረቤቴ ደግሞ፣ ዋሴም እሱ ነው፣ "ምነው ማሩ፣ መፈረምህ ካልቀረ እጥፉን ውሰድ እንጂ፣ ሸጋ ኮት ትገዛበታለህ" ይለኛል። ልቤ ኮቱን ከጀለ፣ አልዋሽህም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ኮቱን ለብሸ ጠዳ ገበያ ስንጎራደድ ታየኝ። ሙሉየ ግን ዓይኗን አፍጥጣ "ኮቱን ማን ይከፍለዋል?" አለች፣ ተውሁት።

እና ኮቱን ተውሁና ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። "ለሴት ልጅ ትምህርት ነው ብትል ይስቁብሃል፤ ለበሬ ማድለቢያ በል፣ ማድለብ ያውቃሉ" አለኝ ያው ቢሆነኝ። እንዳለኝ አልሁ፣ ሰጡኝ። ብሩ ኮሌጅ ገባ፣ ሙሉየም ማራኪ ገባች፣ እኔም ለጥ ብየ ተኛሁ።

ታዲያ ሦስት ወር ሳይሞላ የብድሩ ሠራተኛ፣ ለጋ ልጅ ነው፣ በሞተር መጣ። በሬውን ላየው ነው የመጣሁት አለ። የምን በሬ? ቢሆነኝ ሞተሩን ከሩቅ ሰምቶ ኖሮ የራሱን በሬ፣ ቡሬን፣ በጓሮ ጎትቶ እኔ ደጃፍ አስሮልኛል። ልጁ በሬውን ዞረው፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው።

"ሸጋ ነው። ምን ይመግቡታል፣ አያ ማሩ?"

"ፋጉሎ" አልሁ፣ ፋጉሎ በእጄ ነክቸ አላውቅ።

"ግን እኮ ይህን በሬ ባለፈው ሳምንት አያ ቢሆነኝ ቤት አይቸዋለሁ።"

ቢሆነኝ ፈጠን ብሎ "መንትያ ናቸው" አይል መሰለህ።

"ያኛውስ ወዴት አለ?"

"ውኃ ወርዷል።"

ይህን ሲል የቢሆነኝ ሚስት ከማዶ "ና ቡሬ፣ ና ቡሬ" ብላ ተጣራች፤ እሷ ምን ታውቃለች፣ የምታበላበት ሰዓት ነው። በሬው ችካሉን ነቅሎ፣ ከነችካሉ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ። ልጁ ከበሬው ኋላ፣ እኔ ከልጁ ኋላ፣ ቢሆነኝ ከእኔ ኋላ "ወንድሙ ናፍቆት ነው፣ ወንድሙ ናፍቆት ነው" እያለ። ሳቄም መጣ፣ ላቤም መጣ።

ልጁ ግን አልሳቀም። "ብሩን በዚህ ወር ይመልሱ" አለ። ክው አልሁ። ሽንኩርቱ ገና መሬት ውስጥ ነው፤ ብሩ ይመለስ ከተባለ ሙሉየ ትምህርቱን ጥላ መምጣቷ ነው፣ ቢሆነኝም ዋስ ነውና ያንኑ ቡሬን መሸጡ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የእኔማ ሳያድር ቀለለ። "ልጄ፣ በሬ የለኝም፤ ብሩን ሴት ልጄ ትማርበታለች" አልሁት።

ባለቤቴ ወደ ቤት ገባችና ሙሉየ ትታልን የሄደችውን ደብተር አምጥታ ሰጠችው። ሁሉም አለበት፤ ስንት እንደተበደርን፣ ስንቱ ለክፍያ ስንቱ ለቤት ኪራይ እንደሆነ፣ ከሽንኩርቱ መቼ ስንት እንደምንከፍል፣ ዝናብ ከከዳን ደግሞ እሷ ቅዳሜና እሁድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርታ ስንት እንደምትጨምር። ከታች "አባየ ኮት እንዳይገዛ" ብላ ጽፋለች። ልጁ እዚያች ላይ ሲደርስ ነው የተፈታ፤ ሞተሩን ተደግፎ ሳቀ፣ ሳቀ።

"አያ ማሩ፣ ለትምህርትም እኮ እናበድራለን።"

"ምነው ታዲያ አልነገርኸን?"

"ምነው ታዲያ አልጠየቁን?"

እና ቢሮ ወስዶ በእውነተኛው ነገር እንደገና አስፈረመኝ። በየሴሚስተሩ የሚበቃትን ብቻ እየወሰድን፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ እየከፈልን ጨረስን። የመጨረሻውን የከፈልሁ ቀን ከጠዳ እስከ አዘዞ ሚኒባስ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ደረሰኙን አሳየሁ፤ ረዳቱ ሳይቀር አነበበው። ኮቱንስ? በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችልኝ እሷ ናት፣ ይኸው የለበስሁት።

አሁን ሙሉየ ራሷ የብድር ሠራተኛ ናት። በሬ ልታይ ስትሄድ ጎኑን አትመታ፣ ፋጉሎ አትጠይቅ፤ "እስቲ ገመዱን ፍቱለት" ትልና ወዴት እንደሚሄድ ቆማ ታያለች።

"ስልኩንስ ከብድሩ ላውጣው፣ አያ" አለ አንዳርጌ እየሳቀ። "ግን አያ ቢሆነኝ ምን አሉ?"

ቢሆነኝማ እስከ ዛሬ መንትያ ናቸው ይላል።