ነብር ያሉት ሙሽራ

በኛ ዘመን ልጄ፣ ሰው ሲታጭ የሚጠየቀው አጥንቱ ነበር እንጂ አውሬው አልነበረም። አንቺ ትዕግስት፣ ሳቂ፣ ሳቂ! ስልክሽን ይዘሽ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በቻይና ኮከብ ቆጠራ በሬ ነዎት፤ ታጋሽ፣ ግትር፣ ሥራ ወዳድ» ስትይኝ ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ለምን አልሳቁም ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው ስሚ፣ ስልኩንም አስቀምጪው። ደሳለኝ፣ አንተም ና ተቀመጥ፤ ቤቱ ያንተ፣ ሚስትህ አልማዝ እዚሁ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ ትቆማለህ። ቶኮዛ ያለውን ሱቅህን ዛሬ ሰው ይዞልሃል፤ እሑድ ነው፣ አረፍ በል።

አጥንት ስል ምን ማለቴ ነው? በኛ አገር፣ በሆሳዕና በኩል፣ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል። ማን ወለደው፣ የወለደውንስ ማን ወለደው፣ እያለ ሰባት ቤት ይወርዳል። አባቱ ሸክላ ሠሪ ከሆነ አለቀ። በሸክላው ያበስሉበታል፣ በሸክላው ይጠጡበታል፣ ሠሪውን ግን ከደጅ አያሳልፉትም። ለምን ስትላቸው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይሉሃል። እና እኛ ይሄ ነገር ድንበር አይሻገርም ብለን ነበር። ተሻገረ ልጄ! ስንቱን አገር አቋርጠን እኛው ተሸክመነው ጆበርግ አደረስነው።

ታምራትን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ የነበረው፣ ረጅሙ፣ ድምፁ የማይሰማው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ታዲያ መጀመሪያ ከኛው መዘምራን አንዷን ወዶ ነበር፣ እሷም ወዳው ነበር፣ ቤተሰቧ አገር ቤት ደውለው አጣሩና «ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን…» አሉ። ግን ምን? «አይ፣ ግን…» ይህቺን «ግን» እየተቀባበሉ ልጁን ቆረጡት። በዚያው ሰሞን በአንድ ክርስቶስ አንድ ነን ብለን እያጨበጨብን እንዘምር ነበር፣ እኔም አብሬ አጨበጭብ ነበር። እሱም አንድ ቃል ሳይናገር ከመዘምራኑ ወጣ።

ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መጣና «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ።

«እሰይ! ለማን ቤት?»

«ለአቶ ቼን ቤት።»

አቶ ቼን ማለት ዕቃ የምናወጣበት የቻይና ጅምላ አከፋፋይ ናቸው። ልጃቸው ሊን እዚሁ ጆበርግ ነው ያደገችው፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ለደንበኛው በዙሉ «ሳውቦና» ትላለች፣ ለኛ ደግሞ «ሰላም ነው ጋሼ» ትላለች፣ ታምራት ነው ያስተማራት።  ቻይና ቤት ሽማግሌ የተላከ ከኛ መሃል ማን አለ? ግን ያ ልጅ ፊቴ ቆሞ ሲጠብቅ አየሁትና፣ ያ «ግን» ከኔ አፍ አይውጣ አልኩ። ሃጂ ሙደሲርን ጠራሁት። ሃጂ የስልጤ ሰው ነው፣ ጄፒ መንገድ ላይ የሚነግደው፣ የጥንት ወዳጄ ነው፤ ሽምግልና ሲሉት ምሳውን ጥሎ የሚመጣ።

ታዲያ ሄድን። ኮታችንን ለበስን፣ ታምራት በባኪው፣ በፒካፑ ማለቴ ነው፣ አደረሰን፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ውጭ ቀረ። ሊን በሩን ከፈተች፣ አቶ ቼን ተነሥተው ጨበጡን፣ «ቁጭ በሉ» አሉ። እኛ ቆምን። ሻይ ቀዱ። አልጠጣንም። እንደምታውቁት፣ ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ አንቀምስም፣ ወጉ ነው። ሰውየው ግን ከየት ይወቁት! ፊታቸው ጠቆረ። «ማይ ፍሬንድ፣ ሻዬ ይሸታል?» አሉ። ሃጂ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለማስረዳት ሲሞክር የባሰ ሆነ።

በመጨረሻ የመጣንበትን ተናገርን። እሳቸው አልተቆጡም። አባቱን አልጠየቁም፣ ሀብቱን አልጠየቁም፣ አገሩን አልጠየቁም። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደ?» አሉ። ሊን ቀስ ብላ «ወረቀቱ ላይ ሰማንያ ስድስት ነው» አለች። አቶ ቼን ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በጣቶቻቸው ቆጠሩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነብር» አሉ።

«ማን ነው ነብር?» አለ ሃጂ።

«ልጁ። የነብር ዓመት ልጅ ነው። ነብር ደፋር ነው፣ ቸር ነው፣ ጓደኛውን አይከዳም። ግን አያጎነብስም። ና ሲሉት ይሄዳል፣ ሂድ ሲሉት ይመጣል። ልጄ ጦጣ ናት። ጦጣ ብልጥ ናት፣ ፈጣን ናት፣ አፏ አያርፍም። ነብርና ጦጣ አንድ ቤት አይኖሩም። ኖ፣ ኖ። ይቅርታ።»

እኔ ደሜ ፈላ። ኮከብ ቆጠራ! መጽሐፉ የከለከለውን! ሃጂ ክንዴን ያዘኝና «እኛም ጋ ሐራም ነው፣ ግን ጠያቂው እሳቸው ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም፤ ዝም በል» አለኝ። ወጣን። እና ውጭ ሃጂ ደስ ብሎታል! «ምን ያስደስትሃል፣ እምቢ አሉ እኮ!» ስለው፣ «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ ነው። እምቢ አሉ ማለት ወጉን ጠብቀዋል ማለት ነው፤ እንመለሳለን» አለኝ። ምስኪን ሃጂ! ሰውየው እምቢ ያሉት እምቢ ለማለት ነው፣ እኛ ግን በኛው ወግ ተርጉመን «ተመለሱ» አደረግነው። በሩ ላይ ሊን ተከትላን መጣችና «ጋሼ፣ አባዬ የሚፈራው ታምራትን አይደለም። እባካችሁ ተመለሱ» አለችን። ያኔ አልገባኝም።

ታዲያ በመንገድ ላይ ባኪው ውስጥ ሃጂ ድንገት ጭኑን መታ። «አንተ ታምራት! ሰማንያ ስድስት በማን ነው? በኛ ነው በነሱ?»

«በኛ ነው ሃጂ። ፔፐር፣ የስደተኛ ወረቀቱን፣ ስይዝ የነገርኳቸውን እንዳለ ጻፉት።»

አያችሁ? እኛ አበሾች ከመካከላችን ወረቀቱ ያላስረጀው ወይ ያላስጎረመሰው ማን አለ! ይህን ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅተውት ነብር አደረጉት። እዚያው እናቱ ጋ ተደወለ። «እማዬ፣ የተወለድኩበት ወር መቼ ነበር?» «ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ምነው አመመህ እንዴ?» ሃጂ በስልኩ ፈልጎ አገኘ። «ውሻ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ውሻ ነው! ታማኝ፣ ሐቀኛ፣ ቤት ጠባቂ፣ ከጦጣም ጋር ይስማማል ይላል።»

እኔ ተናደድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቤት ሽማግሌ ሄጄ ልጃችን ውሻ ነው ልበል? ይሄን ቃል በኛ አገር ብናገር በዱላ ነው የሚሸኙኝ» አልኩት። ሃጂ ግን «ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለም ወይ? ምን ነውር አለው!» ይለኛል። ሳቅን፣ እውነቴን ነው ሳቅን። ታምራት ብቻ አልሳቀም፤ መሪውን ይዞ መንገዱን ያያል።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድን። አሁንም ቆምን። ሃጂ የቀን መቁጠሪያውን ነገር፣ የኛ ዓመት ከነሱ ዓመት እንዴት እንደሚለይ፣ የፋሲካውን ዝናብ ሁሉ አስረዳ። አቶ ቼን አዳመጡና «ነብር አልኩ፣ ውሻ ይዛችሁ መጣችሁ። ውሻን እምቢ ብል ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ? በግ?» አሉ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«የሊን እናት ነብር ነበረች» አሉ። «ሱቃችን ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ ሳለ ሌቦች መሣሪያ ይዘው ገቡ። ተኙ አሉን። እኔ ተኛሁ። ሠራተኛው ተኛ። ደንበኛው ተኛ። እሷ አልተኛችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ለማንም አጎንብሳ አታውቅም። ቆማ አየቻቸው። እዚያው ቆማ ነው የገደሏት። አሁን ልጄን ለነብር ልስጥና ሌላ ቀን የመርዶ ስልክ ይደወልላት? ኖ።»

እንግዲህ ያኔ ገባኝ። የሰውየው ጣት ሲቆጥር እኔ ጥንቆላ ሳይ፣ እሳቸው የሚስታቸውን ሬሳ ነበር የሚያዩት።    ያቺ ሴት አጠፋች አልልም፤ የቆመችው መጎንበስ ስለማታውቅ ነው፣ እግዚአብሔር ያሳርፋት። ግን በቀረው ሰው ላይ የወረደውን ሐዘን አየን።

በሩ ክፍት ነበር። ታምራት ከውጭ ሁሉን ሰምቷል። ወጉን ጥሶ ገባ። እኔ «ተመለስ» ልለው እጄን አነሣሁ፣ አላየኝም። አቶ ቼን ፊት ቆመና፣ ያ ድምፁ የማይሰማው ልጅ ምን አለ መሰላችሁ?

«ውሻ ነው ብለው ልጅዎን አይስጡኝ። አገሬ ላይ የአባቴን ሥራ አይተው ዘርህ አይሆንም አሉኝ፤ እዚህ ያሉ ወገኖቼም ያንኑ ደገሙት። አሁን ደግሞ ነብር ነህ፣ ውሻ ነህ ተባልኩ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ምን አደረግህ ብለው ይጠይቁኝ።»

«ምን አደረግህ?» አሉ።

«አሌክሳንድራ እያለሁ ሱቄ ገቡብኝ። ‹ላላ ፓንሲ! ውረድ፣ ተኛ!› አሉኝ። ተኛሁ። አንደኛው እግሩን አንገቴ ላይ አደረገ። አልተነሣሁም፣ አልተናገርኩም። ለሰው አልነገርኩም፤ ለሊንም አልነገርኳት፣ አፍሬ። የእርስዎ ሚስት ቆመች። እኔ ወንዱ ተኛሁ። ይሄ የየትኛው አውሬ ጠባይ ነው?»

 ሊን አፏን በእጇ ይዛለች። አቶ ቼን ቀረብ አሉት።

«ፊትህ መሬት ላይ?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ሲሄዱ ተነሣሁ። ሱቁን ዘጋሁ። ለሊን ደወልኩ።»

«ምን አልካት?»

«ደህና ነኝ፣ እየመጣሁ ነው አልኳት።»

ታዲያ ያ ትልቅ ሰውዬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ልቅሶ ስላችሁ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። እኔም አለቀስኩ፣ ሃጂም በመሐረቡ ዓይኑን ያብሳል፣ ማንም ለማንም አላፈረም። ከዚያ አቶ ቼን የልጁን ትከሻ ያዙና «እኔ ለልጄ የምፈልገው ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው» አሉ። ይህን ብቻ ነው ያሉት። ነብርም አላሉ፣ ውሻም አላሉ።

ተጋቡ፣ አሁን ጀርሚስተን ነው የሚኖሩት። አቶ ቼን ግን ቆጠራውን የተዉ እንዳይመስላችሁ! የሠርጉን ቀን ራሳቸው ቆጥረው መረጡ፣ እኛ እሑድ ይሁን ብንል ማን ሰምቶን! የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተርም ከኔ ጋር ስለ ጋብቻው የተከራከረው ክርክር ገና አላለቀም፤ ይከራከር።

እና ትዕግስት፣ ያልሳቅኩት ለዚህ ነው። በሬ መባሌ ከፍቶኝ አይደለም፤ ግትርነቴንማ አልማዝም ደሳለኝም ይመሰክራሉ። ግን ሰው በአጥንቱ ተቆጥሮ ሲጣል አይቻለሁ፣ በዓመቱ ተቆጥሮ ሊጣል ሲልም አይቻለሁ። እኛ የሰው ጠባይ ከየት እንደመጣ ስንቆጥር፣ ሰውየው ራሱ እደጅ ባኪ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ገብቶ እስኪናገር ድረስ አናውቀውም። ልጁንም ደፋር ያሰኘኝ ያን ቀን ያን ነገር ከሰው ፊት መናገሩ ነው። ከኛ መሃል ሱቅ ካላቸው ወንዶች ስንቱ ነው እንዲህ የሚናገር?

ምን አልክ ደሳለኝ? አልሰማሁህም።

— እኔም ተኝቻለሁ ጋሼ።

መቼ?

— ቶኮዛ። ባለፈው ክረምት። ለአልማዝ ዕቃ ወድቆ መታኝ ነው ያልኳት።

አልማዝ፣ ተዪው፣ አትጠይቂው አሁን። እጁን ብቻ ያዥው። አዎ፣ እንደዚያ። ቀና በል ልጄ፣ ወደኔ እይ። እንኳን ተኛህ። ሰማኸኝ? እንኳን ተኛህ።