ፕሮቲኑ የበዛበት ወተት

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ ባየልኝ ከደባርቅ ተዛውረው መተማ ዮሐንስ የገቡ ዕለት ሙቀቱ አርባ ሦስት ነበር። የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪያችን ገብተው ገና ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ማራገቢያውን አጥፊው!» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እንሞታለን!»

«ነፋሱ ሚዛኑን ያሳስተዋል። እንሙታ!»

ወላሂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቀቀል ኖርን! እናንተ ሳቁ፣ ሳቁ! ሻይ ስንጋብዛቸው እንኳ ስኳሩን በጣታቸው አሽተው የሚያዩ ሰው መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኔን ግን የአምናው ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም። የዱቄት ወተት ጭነት መጣ። ናሙናውን በአሲድ ቀቀልኩ፣ ናይትሮጅኑን ለካሁ፣ ከዚያ ፕሮቲኑን አሰላሁ፤ ሠላሳ አንድ በመቶ! ደኅና የሚባለው እንኳ ሃያ ስድስት ነው። «እንዴት ያለ ግሩም ወተት ነው!» እያልኩ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ላሟ ምን በልታ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«መሣሪያው እኮ ወተት አያውቅም፤ የሚቆጥረው ናይትሮጅን ነው። ከወተት መምጣቱን ማን ነገረሽ?»

ወተቱን በጥብጠው አሲድ ጨመሩበት። ፕሮቲኑ ሲረጋ አጥልለን እሱን ብቻ ለካን። ዘጠኝ! ያ ረቢ! ውኃው ውስጥ የቀረውን ብንመረምረው ማሽላ ላይ የምንበትነው ዩሪያ ሆኖ ተገኘ። ማዳበሪያ! ለሕፃን!

የዚያኑ ወተት የፊተኛውን ጭነት «አልፏል» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከሱቅ ገዝቼ ለእህቴ ለሐሚዳ ልጅ የሰጠሁትም እኔው። መደወል ሲያቅተኝ ጋሼ ስልኩን ነጠቁኝና፣ «ሐሚዳ፣ ጡጦውን አሁኑኑ ከአፉ አውጪ! ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ!» አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተረፈ።

እኔ ስንሰቀሰቅ፣ «ለበላዮቻችን ደብዳቤ ጻፊ» አሉኝ። «ወተቱ ከየሱቁ ይሰብሰብ በይ። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ ብለሽም ጻፊ።»

«ጋሼ፣ ያባርሩኛል እኮ!»

«ያባርሩሽ። አሁን ሌላ ልጅ እየጠጣው ነው።»

አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ያን ቀን ጠላሁዎት። ከፊርማዬ ሥር ግን፣ «እኔም አላየሁትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» ብለው ፈረሙ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀርዎት! ምን ዓይነት ሰው ነዎት? ወተቱ ተሰበሰበ፣ እኔም ከሥራዬ አልወጣሁም። አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ! ጋሼ ባየልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ ይዩ፤ ሳይጠረጥሩ የሚበሉት ምሳ አይጡ። ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምፈርመው። እጄ ይንቀጠቀጥብኛል። ይንቀጠቀጥ! ልጃችንን ሊገድልብን የነበረው ያልተንቀጠቀጠው እጄ ነው።