ሙና ሎሚ ስትቆጥር

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም፤ መስመር ይስታል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ይምታቱብኛል። እኛ ቤት የምንነጋገረው በበርታ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ አላለፈም። የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ትዕግሥት ትናንት የሰፈራችንን እናቶች በጎረቤታችን በአባ ይማም ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስባ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባን ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምሩ ስታወያያቸው ነበር። በኋላ አባ ይማምን «ያችን የሙናን ነገር አጫውቱን» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም እኔን ጠቁመው «ይቺ ጎረቤቴ ናት፣ የወሎ አነጋገሬን ለምዳዋለች፣ እሷ ትጻፈው» አሉ። ያልመጡት እናቶች እንዲሰሙት ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ።

በእኛ ጊዜ ልጅን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምር ወላጅ አልነበረም። ወላሂ አልነበረም። ልጅ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ይላካል፤ አለቀ። እኔ በሰፈራ ወደዚህ ወደ አሶሳ ስመጣ አንድ ሰው ወደኔ መጥቶ «ይማም፣ ልጅህን ቤትህ ውስጥ አስተምር» ቢለኝ ኖሮ፣ «መጀመሪያ ቤቱን ልሥራው!» እለው ነበር። ትስቃላችሁ እናንተ፤ እውነቴን ነው። ስድስት ልጅ ሳሳድግ አንዱንም «ምን ታስባለህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «በሬው ገባ ወይ?» ነው ጥያቄዬ። «ገባ።» «ተኛ።» በቃ፣ ይኸው ነበር ጨዋታችን።

እና ታዲያ በስተርጅናዬ ይቺ ሙና መጣችብኝ።

የዘይነባ ልጅ ናት፣ የመጨረሻዋ ልጄ የዘይነባ። ዘይነባን ታውቋታላችሁ፤ ድንበሩ ላይ ኩርሙክ ከተማ ሳሙናና ልብስ ትነግዳለች፣ እዚያው ቤት ተከራይታለች። ሙናን ለኔ ትታልኝ ስትሄድ እንዲህ አለችኝ፤ «አባዬ፣ አምስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ከገባች አንተው ጋ ትቀመጥ። ካልገባች ግን እወስዳታለሁ። ያለ ሥራ ሎሚ ሥር ስትንከባለል እንድትውል አልፈልግም።» እኔም «ትገባለች!» አልኩ። ምን አውቄ ነው? ፊደል አልቆጠርኩ! ግን ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው ሙና ብቻ ናት። እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ላወራ? ከራውዳ አህያ ጋር?

ከእናቶቹ አንዷ ራውዳ እዚያው ተቀምጣ ነበር። «አባ ይማም፣ አህያ የኔ ምን አደረገ?» አለች።

ምንም አላደረገ ራውዳ፣ ምንም አላደረገ። እንዲያውም አስተማሪ ነው አህያሽ። ቆይ፣ እሱንም እነግርሻለሁ። ታዲያ እኔ ምን ላስተምራት? አሰብኩ አሰብኩና ድስት አወጣሁ። ሳቁ! ድስቱን ሁሉ፣ ማሰሮውን ሁሉ አወጣሁና ክዳኑን ደባልቄ «ባርኔጣቸው ጠፍቷል፤ ለየራሳቸው ፈልጊላቸው» አልኳት። ግማሽ ቀን ዋለችበት። ትልቁን ክዳን ለትንሿ ትደፋና «አያቴ፣ ይቺ ዓይኗ ተሸፈነ!» ትላለች። ሌላ ቀን ማሽላና አኩሪ አተር በአንድ ሰፌድ ደባልቄ «እነዚህ ተጣልተዋል፣ ለያዪያቸው» እላታለሁ። ጣቷ ሲፈጥን ብታዩ! መምህርት፣ ይኸው ጣት አይደል በኋላ እርሳስ የሚይዘው?

«ልክ ነዎት» አለች መምህርት ትዕግሥት።

ልክ ነኝ! ደግሞ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ዓይኗን አስጨፍኜ «ምን ይሰማሻል?» እላታለሁ። «ባጃጅ።» «ወዴት ሄደች?» «ወደ ገበያ።» «ሌላስ?» «የራውዳ አህያ።» «ምን ይላል?» «ራበኝ ይላል።» እሰይ! ራውዳ፣ ይኸው አስተማሪነቱ። ሰምታ ትለያለች፣ ለይታ ትናገራለች። አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም።

አሁን ወደ ሎሚው ልምጣ። እዚያ ጋ የምታዩት ሎሚ የኔ ነው፤ ሲደርስ ደጃፌ ላይ እሸጣለሁ። አንዱ መደብ አምስት ፍሬ ነው፤ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ። ሙና ገና አራት ዓመት ሳይሞላት መደብ መሥራት ጀመረች። እኔ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትደረድራለች። ሰው ይመጣል፤ «ሎሚ ስንት አላችሁ?» ይላል። እሷ «ሰባት!» ትላለች። ሰባት መደብ ማለቷ ነው። ሰውየውም ይገባዋል፣ እኔም ይገባኛል። አንድ ሎሚ የሚገዛ ማን አለ? ስለዚህ ታዲያ እኔ «ሙና መቁጠር አወቀች» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ። መስጊድ ደጃፍ እንኳ ተናግሬአለሁ።

የምዝገባው ቀን ደረሰ። አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት፣ ይዣት ሄድኩ። «ወላጅ ውጭ ይጠብቅ፣ ልጆች ብቻ ይግቡ» ተባለ። ገባች። እኔ ውጭ ሆኜ ኮራ ብያለሁ፤ አጠገቤ ላሉት «የኔዋ ትቆጥራለች፣ የእናንተዎቹስ?» እላለሁ። ብዙም ሳትቆይ ወጣች። መምህርት ተከትላ ወጣችና፣ መምህርት ትቆጪኝ እንደሁ እንጃ እንጂ እንዲህ ነው ያልሽው፤ ድምፅሽን ቀጠን አድርገሽ፤ «አባ ይማም፣ ሙና ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ገና ናት። ቁጥር አልለየችም። ለከርሞ ይመለሱ።»

መምህርት ትዕግሥት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እንዲህ ነው የምናገረው አባ ይማም?»

ከዚህም ቀጠን አድርገሽ ነው! አፈርኩ። እነዚያ አጠገቤ የነበሩት ያዩኛል። የሙናን እጅ ይዤ መጣሁ። መንገድ ላይ አላወራኋት። ቤት ገባን፣ አላወራኋት። አያችሁ ጥፋቴን? ምን እንደተጠየቀች፣ ምን እንደመለሰች አልጠየቅኳትም። ያችው የድሮዋ በሽታዬ፤ «በሬው ገባ ወይ?»

ለዘይነባ ስልክ ደወልኩ። «አልገባችም» አልኳት። «እሺ አባዬ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን መጣች። የሙናን ልብስ ሰብስባ በፌስታል አሰረች። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። እኔ ሎሚ ለመንገድ ልስጣት ብዬ መልቀም ጀመርኩ፣ ሌላ ምን እሰጣለሁ? ሙና አጠገቤ ቁጭ አለች። ለቅሶዬ እንዳይታወቅብኝ ለወሬ ያህል «ያን ቀን መምህርቷ ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ቆርኪ አስቀመጠች።»

«እሺ?»

«ስንት ነው አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አንድ አልኳት።»

«ስንት ቆርኪ ነበር?»

እጇን ዘረጋች፤ አምስቱንም ጣት። «ይሄን ያህል። ከዚያ ደግሞ ይሄንኑ ያህል ጨመረችበት፣ ሁለት አልኳት።»

ወላሂ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩት! «ዘይነባ! ዘይነባ! ፌስታሉን ፍቺው!» አልኩ። እሷ ሮጣ መጣች፤ «አባዬ ምን ሆንክ? እባብ ነው?» «እባብ አይደለም፣ መደብ ነው! ልጅቷ በመደብ ቆጥራ ነው!» ዘይነባ አልገባትም፤ ያበድኩ መሰላት። እኔ ግን ሎሚውን በጆንያ ከተትኩና ሙናን ይዤ ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ! ዘይነባ ከኋላ «አባዬ መኪናው! መኪናው!» ትላለች።

መምህርት ቢሮዋ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ጆንያውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱ ሎሚ ተንከባሎ ከወንበሯ ሥር ገባ። «አባ ይማም! ምንድን ነው ይሄ?» «ገበያ ነው። ሙና፣ ሱቅሽን ሥሪ።» ሙና ደረደረች፤ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ፤ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ። ሦስት መደብ ሆነ። «አሁን ግዢ መምህርት» አልኳት።

መምህርት መቼም ደግ ናት፣ ገዢ ሆነች። «ሎሚ አለሽ?»

«አለ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

መምህርት አሁን ገባት መሰለኝ። ከዚያ ከአንዱ መደብ ላይ አንድ ሎሚ አንሥታ ደበቀች። «አሁንስ ስንት ነው?»

ሙና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ሁለት ሙሉ። ያኛው አንድ ጎድሎታል። መልሺ!»

መምህርት ሌላም ደበቀች። «አሁንስ?»

«ሁለት ጎደለው። አንቺ ሌባ ነሽ?»

ቢሮው በሳቅ ተሞላ። መምህርት የወሰደችውን ሁሉ መለሰችና ከወንበሩ ሥር ያለችውን ሎሚ ደግሞ አንሥታ አንዱ መደብ ላይ ጨመረች። «ይሄስ?» ሙና እንደ ትልቅ ነጋዴ ፈገግ አለች፤ «ይሄ ምርቃት ነው። ምርቃት አይቆጠርም።»

እናንተ! ምርቃት አይቆጠርም! መምህርት ከሳቋ መለስ ስትል «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አንዱ መደብ ውስጥ ስንት ፍሬ አለ?» አለቻት። ሙና አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፣ «አምስት» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «አያቴ፣ መምህርቷ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሁሉም በጣም ሳቁ፤ መምህርት ትዕግሥት ዕንባዋን ጠረገች። «ስሟን የዚያኑ ሰዓት መዘገብኩ» አለች። «ጥፋቱ የኔም ነው። ቆርኪውን አስቀምጬ ጠየቅኩ እንጂ ለምን አንድ እንዳለች አልጠየቅኩም።»

የኔም ነው የኔ ልጅ፣ የሁለታችንም ነው። ዘይነባ ፌስታሉን እንደታሰረ ትታልኝ ሄደች፤ የመኪናው ሰዓት ደርሶባት ነበር። እስከ ትናንት አልፈታሁትም ነበር፤ ትናንት ሙና ራሷ ፈታችው፣ ካልሲ አጥታ። እናቶች፣ ስሙኝ። ከሎሚ፣ ከድስት፣ ከማሽላ ጋር አጫውቷቸው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ግን አንድ በአንድ አስነኩ። እኔ በመደብ አስተምሬ ልጄን ላጣት ነበር። ደግሞ ሲሳሳቱ ቶሎ አትፈሩባቸው። «እንዴት አሰብሽው?» በሏቸው። ይቺን አንዲት ጥያቄ ለመማር እኔ ሰባ ዓመት ፈጀብኝ።

ራውዳ ከንፈሯን መጠጠች። «አራት ቀን! ያን ቀን እዚያ ውስጥ ሰው አልነበረም? ሙናን የሚያውቅ፣ ሎሚ የሚያውቅ?»

«ማን ይኖራል ራውዳ? ልጆች ብቻ ናቸው የገቡት» ብለው አባ ይማም ሳቁ፣ ተነሥተውም ለእናቶቹ ሎሚ ሊለቅሙ ሄዱ።

ያሉት እዚህ ላይ አለቀ። ወረቀቱን ግን ለመምህርት ትዕግሥት መስጠት አቃተኝ።

ሰው ነበረ። እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ታናሽ ወንድሜን ላስመዘግብ ሄጄ ነበር። ተራው ከሙና በኋላ ነው፤ ብቻዬን አልቀመጥም ብሎ ሲያለቅስ መምህርት ትዕግሥት እኔም አብሬው እንድገባ ፈቀደችልኝ። ጥግ ላይ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልን። ቆርኪዎቹ ሲቀመጡ አየሁ። ሙና «አንድ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እናቴ ሎሚ ግዢ ብላ ስትልከኝ መደቡን አንሥታ የምትሰጠኝ ሙና ናት። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ቀናትም አባ ይማም በቀርከሃው አጥር ማዶ ብቻቸውን ሲያጉረመርሙ እሰማ ነበር። ለእሳቸውም፣ ለእናቴም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

በምዝገባው ቀን መምህርት ትዕግሥት በሙና ስም አጠገብ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ልናገር ብዬ ከአግዳሚው ተነሥቼ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ፊት አላሳየችኝም፤ ፈገግ ብላ «አቤት፣ ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። ሙናም ዞራ አየችኝ።

«ምንም» አልኩ።